ከምድር ውጭ መኖር፦ የባሕሩ ሕግ ለጠፈሩም ይሠራል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የተላከው ከአንድ አባት ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ተመልሶ፣ «አባ፣ ሰዎች ማርስ ላይ ከተማ ሊሠሩ ነው አሉ። እዚያ ሄዶ መኖር ይፈቀዳል? ሶላት ወደየት ይሰገዳል? እዚያ የሞተ ሰውስ ጀናዛው እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቃቸው። አባት ምላሽ ፍለጋ ጎረቤታቸውን ሲያማክሩ፣ «ሐራም ነው በለውና ዝጋው» አላቸው። የልጁ ታላቅ ወንድም በበኩሉ ነገሩ ያለቀለት፣ ትኬት መቁረጥ ብቻ የቀረ አስመስሎ ያወራል። «እኔ በሁለቱ መሐል ቆሜያለሁ፤ ምን ብዬ ልመልስለት?» ይላሉ።

ጥያቄው ከልጅ አንደበት ይውጣ እንጂ ትልልቅ ሰዎችን ያነጋገረ ነው። ዑለማዎች ተሰብስበው መክረውበታል፣ መንግሥታት ገንዘብ አፍስሰውበታል፣ ወጣቶችም ላይመለሱ ለመሄድ ተመዝግበውበታል። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን እንየው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሰው ከምድር ውጭ ይስፈር የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዘመን የልብ ወለድ ጸሐፊዎች ጨዋታ ነበር። በስሌት አስደግፈው ወደ አደባባይ ካወጡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ጄራርድ ኦኒል የተባሉ በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ናቸው። በ1969 ለተማሪዎቻቸው አንድ ጥያቄ ሰጧቸው፤ እያደገ ለሚሄድ የሰው ልጅ ሥልጣኔ ትክክለኛው መኖሪያ በእርግጥ የፕላኔት ገጽ ነውን? የሚል። ተማሪና መምህር አብረው ሲያሰሉ ቆዩ። ጽሑፉን የሚቀበል መጽሔት ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው። በመጨረሻ በ1974 ታተመላቸው፤ በ1976 ደግሞ ሐሳቡን አስፍተው መጽሐፍ አወጡ።

ኦኒል የፈለጉት ጨረቃ ወይም ማርስ ላይ መንደር መቆርቆር አልነበረም። በጠፈር ውስጥ የሚንሳፈፍና የሚሽከረከር ከተማ ነበር። በ1975 በካሊፎርኒያ በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ ድጋፍ የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ ይዘው አንድ ንድፍ አወጡ። ከዳር እስከ ዳር ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቀለበት፣ በደቂቃ አንድ ጊዜ የሚዞር፣ በሆዱ 10,000 ነዋሪ የሚይዝ። መዞሩ ለምን አስፈለገ? በባልዲ ውኃ ሞልቶ በገመድ ያሽከረከረ ልጅ ውኃው እንደማይፈስ ያውቃል፤ ሽክርክሪቱ ውኃውን ወደ ባልዲው ቂጥ ይገፋዋል። ነዋሪውም እንዲሁ ወደ ቀለበቱ ወለል እየተገፋ ምድር ላይ እንደቆመ ያህል ክብደት ይሰማዋል። አፈሩና ብረቱ ከጨረቃ ይመጣል፣ ፀሐይዋ ኃይል ትሰጣለች፣ እህሉ እዚያው ይበቅላል፤ ዕቅዱ ይህ ነበር።

ይህን ሐሳብ የሚያራምድ ማኅበርም በዚያው በ1975 ተቋቋመ። ስሙ «ኤል-ፋይቭ» ነው፤ የምድርና የጨረቃ ስበት ተመጣጥኖ አንድን ነገር ረግቶ እንዲቆይ ከሚያደርግባቸው ነጥቦች በአንዷ የተሰየመ። ማኅበሩ በ1987 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋህዶ ብሔራዊ የጠፈር ማኅበር ተባለ። ኦኒል በ1992 አረፉ። ሐሳባቸው ግን አላረፈም፤ በፕሪንስተን ከተማሩት መካከል በኋላ የአማዞንን ኩባንያ የመሠረቱት ጄፍ ቤዞስ አንዱ ናቸው፤ በ2019 ስለ ጠፈር ከተሞች በአደባባይ ሲናገሩ የኦኒልን ንድፍ ይዘው ነው የቀረቡት። በ2002 ስፔስ ኤክስን ያቋቋሙት ኢሎን መስክ ደግሞ ማርስን መረጡ። ከሙስሊሙ ዓለምም የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ በ2017፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ማርስ ላይ ከተማ የማየት ዕቅድ ይፋ አድርጋለች፤ «አል-አመል» ማለትም ተስፋ የተባለችው መንኮራኩሯም በየካቲት 2021 ማርስ ደርሳ መዞር ጀምራለች።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ማላገጥ ቀላል ነው። ግን ኦኒል ያን ጽሑፍ ያወጡት ዓለም በነዳጅ እጥረት በተናጠች ማግስት ነበር። የሕዝብ ብዛት፣ የማዕድን መመናመን፣ የአየር መበከል ያስጨነቃቸው ሰው ነበሩ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ነው የሚያከራክረው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከምድር ውጭ ለመኖር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ቤት አይደለም፣ ምግብም አይደለም። አየር ነው።

በአሜሪካ አሪዞና በረሐ ላይ ትልቅ የመስታወት ቤት አለ፤ «ባዮስፌር ቱ» ይባላል፣ ሁለተኛዋ የሕይወት ክልል እንደማለት። አንደኛዋ ይህች የምንኖርባት ምድር መሆኗ ነው። ከአንድ ሄክታር የሚበልጥ ስፋት አለው። በውስጡ ትንሽ ደን፣ ትንሽ ባሕር፣ ረግረግ፣ የእርሻ ማሳ፣ ፍየሎችና ዶሮዎች ነበሩ። በመስከረም 1991 አራት ወንዶችና አራት ሴቶች ገብተው በሩ ተዘጋባቸው። ሁለት ዓመት ከውጭ አየርም ሆነ ምግብ ሳያገኙ እንዲኖሩ ነበር የታሰበው። ጠፈር ላይ መኖር ከመሞከሩ በፊት እዚሁ ምድር ላይ ይሞከር ማለት ነው፤ ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም።

ምን ሆነ? አየሩ ቀስ በቀስ መድከም ጀመረ። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ ሃያ አንድ እጅ ያህሉ ኦክስጅን ነው። እዚያ ውስጥ በአሥራ ስድስት ወር ወደ አሥራ አራት እጅ ወረደ። ይህ ከፍ ያለ ተራራ ጫፍ ላይ እንደመኖር ነው። ነዋሪዎቹ ደረጃ ሲወጡ ያለከልካሉ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሉ። ኦክስጅኑ የት ሄደ? እህሉ እንዲያፈራ ተብሎ አፈሩ ውስጥ ብዙ ፍግ ተደርጎ ነበር። በአፈሩ ያሉት ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ያንን እየበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ በምትኩ የተቃጠለ አየር ያወጣሉ። የተቃጠለውን አየር ዕፀዋቱ መልሰው ኦክስጅን ያደርጉታል ተብሎ ነበር፤ ግን ገና ያልደረቀው የሕንፃው ኮንክሪት ቀድሞ መጠጠው። የቤቱ ግድግዳ የነዋሪዎቹን እስትንፋስ ዋጠ ብንል ማጋነን አይሆንም። በጥር 1993 ከውጭ ኦክስጅን ካልተነፋ ሰዎቹ ይጎዱ ነበር። አበባ የሚያራክቡ ነፍሳት አለቁ፤ ጉንዳንና በረሮ ግን ተራባ።

ይህን ያህል የተረኩት ለመዝናኛ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ዝርያዎች፣ የተማሩ ሰዎች፣ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ወጪ ባንድ ላይ ተሰብስበው፣ ለስምንት ሰው ብቻ የሚሆን አየር ለሁለት ዓመት መጠበቅ አልተቻለም። እኛ ደግሞ በየቀኑ ያለ ሒሳብ እንተነፍሳለን። ጠዋት ተነስቶ ስለ እስትንፋሱ አልሐምዱሊላህ የሚል ስንት ነው?

እውነቱን ለመናገር ተመራማሪዎቹ ሳይታክቱ ቀጥለዋል። ናሳ በ2021 ማርስ ላይ ባሳረፋት ተሽከርካሪ ውስጥ «ሞክሲ» የተባለች ትንሽ መሣሪያ ነበረች። የማርስን አየር፣ አብዛኛው የተቃጠለ አየር ነው፣ እየሳበች ኦክስጅን ለይታ ታወጣለች። ሠራች! እስከ 2023 ድረስ አሥራ ስድስት ጊዜ ተሞክራ በጠቅላላው 122 ግራም ኦክስጅን አመረተች። ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው በሌላ ፕላኔት ላይ ከዚያው አየር የሚተነፈስ ነገር ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በቀን ከ800 ግራም በላይ ኦክስጅን ይፈልጋል። መሣሪያዋ በሁለት ዓመት ያወጣችው ለአንድ ሰው አራት ሰዓት አይሞላም። እርግጥ የተሠራችው ለሙከራ እንጂ ለማምረት አይደለም። ቢሆንም ርቀቱን ታሳያለች።

በዚህ ላይ ማርስ ለመድረስ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። መንገዱ ምቹ የሚሆነው በየሃያ ስድስት ወሩ ስለሆነ ታመምኩ ብሎ መመለስ የለም። የአየሩ ግፊት ከምድር አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ከጨረር የሚከልል እንደ ምድር ያለ መጋረጃም የለም፤ ጨረሩን ለመሸሽ ሰዎቹ አፈር ተከምሮባቸው ወይም ዋሻ ገብተው መኖር ሊኖርባቸው ነው። ክብደት በሌለበት ጠፈር አጥንት በየወሩ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። በማርስ ስበት ላይ ተፀንሶ የተወለደ ሕፃን እንዴት ያድጋል? ማንም አልሞከረውም፤ መስፈር ማለት ግን መውለድና ማሳደግ ማለት ነው። ይህች ጥያቄ በሰፋሪነት ደጋፊዎች መድረክ ላይ በቂ ቦታ የምታገኝ አይመስለኝም።

ወደ ሸሪዓው ጉዳይ የሚያስገባን ታሪክ የመጣው ከዚህ ሁሉ ጋር ተያይዞ ነው። በ2012 «ማርስ ዋን» የሚባል የኔዘርላንድ ድርጅት ብቅ አለ። አራት አራት ሆነው ማርስ የሚሄዱ ሰዎችን መርጦ ለመላክ አሰበ። ወጪውን በቴሌቪዥን ትዕይንት ሊሸፍን ፈለገ። ልዩ የሚያደርገው ግን ጉዞው የመሄጃ ብቻ መሆኑ ነው። መመለሻ የለም። ድርጅቱ ከ200,000 በላይ ሰው ፍላጎቱን ገለጸልኝ አለ። ቁጥሩን የተጠራጠሩ ነበሩ፣ ነገር ግን ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች፣ ሙስሊሞችም ጭምር፣ ስማቸውን መስጠታቸው አልቀረም።

በየካቲት 2014 በኤምሬትስ የሃይማኖት ጉዳዮችና የአውቃፍ ባለሥልጣን ሥር ያለ ኮሚቴ በዚህ ላይ ሐሳብ መስጠቱን ጋዜጦች ዘገቡ። እንደ ዘገባው ኮሚቴው ያለው መመለሻ የሌለው፣ ሕይወትን ለግልጽ አደጋ የሚያጋልጥ ጉዞ በእስልምና አይፈቀድም፤ ያለ በቂ ምክንያት ራስን ለሞት መስጠት ራስን ከማጥፋት አይለይም የሚል ነው። ድርጅቱ በበኩሉ ፈትዋው እንዲነሳ ለመነ። ሰው ከመላኩ በፊት ቤቱና አየሩ ዝግጁ መሆኑ በማሽኖች ይረጋገጣል አለ፤ ሙስሊሞች ጥንትም ተጓዦች ነበሩ ብሎ ኢብን በጡጣን አስታወሰ።

ዜናው እንደወጣ ብዙ የውጭ ጋዜጦች «ሙስሊሞች ማርስን ከለከሉ» ብለው አላገጡ። በእኛም ሰፈር «ዑለማዎቹ ጠፈር ሐራም ነው አሉ» ተብሎ ተወራ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የተነገረው ስለ ጠፈር አልነበረም፤ ስለ አደጋው ነበር። ይህን ለመረዳት ፈቂሆቻችን ስለ ባሕር የጻፉትን ማየት ይበቃል።

የታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ እንደዘገቡት፣ ሻምን ያስተዳድሩ የነበሩት ሙዓዊያህ (ረ.ዐ.) በባሕር ተሻግረው ቆጵሮስ እንዲዘምቱ ከኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ፈቃድ ጠየቁ። ዑመር የባሕሩን ነገር አስጠይቀው፣ ለሙስሊሞች ነፍስ ፈርተው ከለከሉ። ኋላ በዑሥማን (ረ.ዐ.) ዘመን ያው ጥያቄ ሲቀርብ ተፈቀደ። ፈቃዱ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ የሚሄደው ወዶ የተነሳ ብቻ ይሁን፣ ማንም እንዳይገደድ። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። የተለወጠው ዝግጅቱና የአደጋው መጠን ነው።

የሻፊዒይ መዝሀብ መጻሕፍትም ስለ ሐጅ ሲናገሩ ይህንኑ ሚዛን አስቀምጠዋል። መንገዱ በባሕር ብቻ ከሆነና በደኅና መድረሱ የሚያመዝን ከሆነ ሐጁ ግዴታ ይሆናል። መጥፋቱ የሚያመዝን ከሆነ ግን ግዴታነቱ ቀርቶ መሳፈሩም የተከለከለ ነው። ቀይ ባሕርን በጀልባ እየተሻገሩ ሐጅ ያደርጉ የነበሩት የአገራችን አባቶች ይህችን መስአላ በደንብ ያውቋት ነበር። እንግዲህ በእኔ ግምት ለጠፈሩ የሚሆነው ሚዛን ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰዎች ምድርን እየዞረ ወዳለው የጠፈር ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፤ አደጋ አለው፣ ሆኖም የሚያመዝነው ደኅንነቱ ነው። የማርስ ዋን መንገድ ግን ሌላ ነው። በዚያው በ2014 በአሜሪካ የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች የድርጅቱን ዕቅድ ፈትሸው፣ ምግቡን ሁሉ እዚያው ለማብቀል ከተሞከረ ሰብሉ የሚያወጣው ኦክስጅን ከልክ እንደሚያልፍ፣ እሱን ለማስተንፈስ ሲሞከር ሌላው አየር እንደሚያልቅ፣ የመጀመሪያው ሰውም በ68 ቀን አካባቢ ታፍኖ ሊሞት እንደሚችል አሰሉ። ዑለማዎቹና መሐንዲሶቹ በየራሳቸው መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ ተገናኙ። ድርጅቱ አንድም ሰው ሳይልክ በጥር 2019 ኪሳራው በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ታወጀ።

አንዳንድ ወጣቶች ይህ ሲነሳ የሐበሻውን ሂጅራ ይጠቅሳሉ። ሶሐቦች ወደማያውቁት አገር ባሕር ተሻግረው ሄዱ አይደል? ይላሉ። ልክ ነው። በ615 አካባቢ ወደዚህች ወደ እኛ አገር መጡ። ነገር ግን ንጽጽሩ ይጎድላል። እዚህ የጠበቃቸው አየርና ውኃ፣ እህልና ከብት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍትሐዊ ንጉሥ ነበር። የሄዱት ነፍሳቸውንና ዲናቸውን ለማትረፍ እንጂ ለማጥፋት አልነበረም። መመለሻም ነበራቸው፤ ጀዕፈር (ረ.ዐ.) በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ በኸይበር ጊዜ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ተገናኝተዋል።

ታዲያ ወደ ጠፈር ለሄደ ሙስሊም ዒባዳው እንዴት ነው? እዚህ ላይ የልጁ ጥያቄ መልስ ያለው መሆኑ ደስ ይላል። የመጀመሪያው ሙስሊም ጠፈርተኛ የሳዑዲው ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ናቸው። ዲስከቨሪ በተባለችው መንኮራኩር የተጓዙት በሰኔ 1985 ነው፤ በ1405 ዓመተ ሂጅራ የረመዷን ማብቂያ ላይ። ጉዟቸው ሰባት ቀን ገደማ ስለነበር ጉዳዩ በግል ጥያቄና መልስ አለፈ።

ማሌዥያ ዜጋዋን ልትልክ ስትነሳ ግን ነገሩ በወግ ተጠና። የሳይንስ ሰዎችና ዑለማዎች በ2006 ተሰብስበው መከሩ፤ በ2007 የአገሪቱ የፈትዋ ምክር ቤት በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ዒባዳ ስለሚፈጸምበት ሁኔታ መመሪያ አወጣ። ተጓዡ ሼይኽ ሙዘፈር ሹኩር ነበሩ፤ የአጥንት ሐኪም ናቸው፣ ሼይኽ የስማቸው አካል ነው። ጥቅምት 10 ቀን 2007 ከካዛክስታን ባይኮኑር ተነሱ፣ ጊዜው የረመዷን የመጨረሻዎቹ ቀናት ነበሩ፣ ዒዱንም እዚያው አከበሩ።

ችግሩን አስቡት። ጣቢያው ምድርን በዘጠና ደቂቃ ይዞራል። በአንድ ቀን ውስጥ ፀሐይ አሥራ ስድስት ጊዜ ትወጣለች፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ትጠልቃለች። በየመውጫዋና በየመጥለቂያዋ ይሰገድ ቢባል በቀን ሰማንያ ሶላት ሊሆን ነው። መመሪያው ሶላቱ በሃያ አራት ሰዓት አምስት መሆኑን፣ ሰዓቱም መንኮራኩሩ በተነሳበት ቦታ አቆጣጠር እንዲሆን ደነገገ። ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። ስለ ደጃል ቀናት በመጣው ሐዲሥ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀኑ ዓመት ሲያህል ሶላቱ በግምት እንዲሰላ አስተምረዋል፤ ዑለማዎች ፀሐይ ለወራት በማትጠልቅባቸው የሰሜን አገሮች ላይ የሚፈርዱትም በዚሁ ነው።

ቂብላውን በተመለከተ እንደ ችሎታ ደረጃ አወጡለት። የሚችል ወደ ካዕባ ይዙር፣ ካልቻለ ካዕባ ወዳለበት አቅጣጫ ከፍታ፣ ካልቻለ ወደ ምድር፣ እሱም ካልሆነ ወደየትም። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ይበራልና ቂብላው በሶላቱ መሐል ይሸሻል፤ ሰጋጁ መጀመሪያ በዞረበት ይጨርሳል። መቆም ያልቻለ ይቀመጥ፣ ያልቻለ ይጋደም፣ ያልቻለ በዓይኑ ያመልክት። ክብደት በሌለበት ሱጁድ ምን እንደሚመስል ገምቱ፤ ሰውየው እግሩን አንድ ነገር ላይ ካላሰረ ግንባሩን ሲደፋ ተገልብጦ ይሄዳል። ውኃ እንደ ኳስ ስለሚንሳፈፍ ንጹሕ በሆነ የግድግዳ ገጽ ላይ ተየሙም ማድረግ ተፈቀደ። ጾሙን ደግሞ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ወደ ምድር ሲመለስ ሊያወጣው ይችላል። የኤምሬትሱ ሱልጣን አን-ኒያዲ በ2023 ስድስት ወር ሲቆዩ ረመዷንና ሁለቱ ዒዶች እዚያው አገኟቸው። ከመሄዳቸው በፊት ስለ ጾሙ ሲጠየቁ፣ መንገደኛ ስለሆኑ ግዴታ እንደማይሆንባቸው፣ ሁኔታው ከፈቀደ ግን ሊጾሙ እንደሚችሉ ነበር የመለሱት።

ጀናዛውስ? የማሌዥያው መመሪያ ይህንንም አልዘለለውም። በጣቢያው ላይ ሙስሊም ቢሞት በተቻለ መጠን አስከሬኑ ወደ ምድር ይመለስና እንደ ወጉ ይታጠብ፣ ይከፈን፣ ይሰገድበት፤ ፈጽሞ ካልተቻለ ቀላል ሥርዓት ተደርጎለት እዚያው ይሸኝ ይላል። አባት ሆይ፣ ለልጅዎ ይህን ንገሩት። ባሕር ላይ ስለሞተ መንገደኛ በድሮ ኪታቦች የተጻፈውን ያነበበ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም።

አንድ ነገር ሳናነሳ ማለፍ አይገባም፤ የባለቤትነቱ ጉዳይ። በ1967 የወጣው ዓለም አቀፍ ውል ማንም መንግሥት ጨረቃንም ሆነ ሌላ አካል የግሌ ነው ማለት እንደማይችል ይደነግጋል። በ1979 ለፊርማ የቀረበው የጨረቃ ስምምነት ደግሞ ሀብቱ የሰው ልጆች ሁሉ የጋራ ቅርስ ነው አለ። በአሜሪካ ይህ ስምምነት እንዳይጸድቅ አጥብቀው ከተሟገቱት አንዱ ያ «ኤል-ፋይቭ» ማኅበር ነበር፤ ባለሀብት ካላተረፈበት ማንም ገንዘብ አያወጣም በሚል። አሜሪካ ሳትቀበለው ቀረች፤ በ2015 ዜጎቿ ከጠፈር ያወጡት ማዕድን የራሳቸው እንዲሆን ሕግ አወጣች። ሳዑዲ ዐረቢያ ተቀብላው ነበር፤ እሷም በጥር 2024 ወጣች።

በፊቅህ «ኢሕያኡል መዋት» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ባለቤት የሌለውን ሙት መሬት ስለማልማት። ያለማው ሰው ባለቤት ይሆናል። ኢማም አቡ ሐኒፋ የአስተዳዳሪው ፈቃድ ያስፈልጋል ሲሉ፣ ሁለቱ ተማሪዎቻቸውና ሻፊዒዮች አያስፈልግም ብለዋል። አጥሮ አስቀምጦ ሳያለሙ መቆየት ግን መብት አያሰጥም። እንደ ውኃና ጨው ያለ ሕዝብ የሚጋራው ግልጽ ማዕድንም ለአንድ ሰው አይታጠርም። ይህ ምዕራፍ ለጠፈር ይሆናል ብሎ መፍረድ የዑለማዎች ድርሻ ነው። እኔ የማየው ግን፣ የሚያለማው ጥቂት ሀብታም ሆኖ የሚያጥረው ብዙ ከሆነ፣ ለድሃ አገር ልጅ የሚተርፈው ቴሌቪዥን ማየት ብቻ ነው። አገራችን በታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አስወንጭፋ ነበር፤ ሥራዋ እርሻን፣ ደንንና ውኃን ከላይ ማየት። ማርስ ከመስፈር ጋር ሲተያይ ትንሽ ትመስላለች። ለገበሬው ግን ከማርስ ከተማ ይልቅ የቀረበችው እሷ ናት።

ስለዚህ ለጠያቂያችን አባት የምንለው፣ ጎረቤትዎ እንዳሉት ሐራም ብለው አይዝጉት፤ ያለ ዕውቀት ሐራም ማለት ራሱ የሚያስጠይቅ ነው። የታላቅ ወንድሙንም ወሬ እንዳለ አይቀበሉት። ፊዚክሱንና ፊቅሁን አብሮ ይማር። በባዮስፌሩ ውስጥ አየሩ ለምን እንዳነሰ ይጠይቁትና እሱ ያስረዳዎት፤ ከዚያ የባሕሩን መስአላ እርስዎ ይንገሩት።

ያልተመለሰ ጥያቄም ይተውለት ዘንድ አንድ ልጨምር። የማርስ ቀን ከእኛው በአርባ ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚበልጥ የሶላቱ ሰዓት ብዙም አያስቸግርም። ዓመቷ ግን የእኛን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ጨረቃዋም አንዲት አይደለችም፣ ሁለት ናቸው። ትልቋ ፎቦስ ማርስን በስምንት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ትዞራለች፤ ከምዕራብ ወጥታ ወደ ምሥራቅ ትጠልቃለች፣ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ልትታይም ትችላለች። ረመዷን እዚያ በማን ሂላል ይያዛል? እኛ በአንዲት ጨረቃ እንኳ በየዓመቱ የምንነታረከውን ታውቁታላችሁ። የመካ አቆጣጠር ይከተላሉ ቢባል ዜናው በሬዲዮ ሞገድ ለመድረስ ከሦስት እስከ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይወስድበታል፣ ያ አይከፋም። ቂብላውስ? ከማርስ ሲታይ ምድር ከንጋትና ከምሽት ኮከብ አትበልጥም። የማሌዥያ ዑለማዎች ካዕባን ማግኘት ያልቻለ ወደ ምድር ይዙር ብለው ነበር፤ ማርስ ላይ የቆመ ሰጋጅ ያችን ነጥብ ሰማይ ላይ መፈለግ ሊኖርበት ነው፣ በቀን ደግሞ አትታይም።

በዚህ ላይ ጥያቄ ወይም እርማት ያላችሁ እንደተለመደው ጻፉልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ስለ ሰሜን አገሮች የበጋ ጾም የተላኩትን ጥያቄዎች እናስተናግዳለን።